«ናይስ» እና «ጨዋ»፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽልና ስለ አማርኛ አቻው ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ «ናይስ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ናት። ደሴ ሆጤ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ይህች ቃል ያልገባችበት የተማሪ ድርሰት አንብቤ አላውቅም ብል ብዙ ያጋነንሁ አይመስለኝም። ምግቡ ናይስ ነው፤ ቀሚሱ ናይስ ነው፤ ወንድሜ ናይስ ነው፤ ከሐይቅ የተመለስንበት ቀን ናይስ ነበር። ያንኑ ድርሰት ወደ አማርኛ መልሱ ሲባሉ ግን ተማሪዎቹ አንድ ቃል ብቻ ይዘው አይመጡም። ለምግቡ «ጣፋጭ»፣ ለቀሚሱ «ቆንጆ»፣ ለቀኑ «አሪፍ» ይላሉ። ለሰው ሲሆን ደግሞ፣ በተለይም ለወንድ ልጅና ለታላቅ ሰው፣ «ጨዋ» ይላሉ።

ይህን የመጨረሻውን ትርጉም በቸልታ ማለፍ ይቻል ነበር። «ናይስ ቦይ» የሚለውን «ጨዋ ልጅ» ብሎ የመለሰን ተማሪ ማን ስሕተት ነው ይለዋል? ነገር ግን ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ የመጡበትን መንገድ ወደ ኋላ ለሚከተል ሰው፣ ዛሬ የተገናኙት ፈጽሞ ከማይቀራረብ ቦታ ተነሥተው መሆኑ ይታየዋል። እግረ መንገዱንም «ጨዋ» የሚለውን ቃል በቆየ የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ሲያገኝ በዛሬው ፍቹ ብቻ ማንበብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ይረዳል። በበኩሌ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ዋናው ቁም ነገር ይህ ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ እንግሊዝኛውን እንመልከት። «ናይስ» የመጣችው ከላቲኑ «ኔስኪዩስ» ነው። ቃሉ ከአሉታው «ኔ» እና «ማወቅ» ከሚለው ግሥ የተሠራ ሲሆን፣ ፍቹ «የማያውቅ» ማለት ነው። በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል እ.ኤ.አ. በ1300 ገደማ ወደ እንግሊዝኛ ስትገባ ለሰው የምትሰጥ ስድብ ነበረች፤ ቂል፣ ደንቆሮ እንደ ማለት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ምእተ ዓመታት ቃሏ ብዙ ቦታ ዞራለች። ቅብጥብጥ ለሆነ፣ ዓይነ አፋር ለሆነ፣ ምግብ ለሚመርጥ፣ ጥቃቅኑን ሁሉ ለሚለይ ሰው ተብላለች። ከዚህ ከመጨረሻው «ረቂቅ፣ ጥንቁቅ» የሚል ፍች ወጣ። እንግሊዞች ዛሬም ረቂቅ የሆነን ልዩነት «ናይስ» የሚሉት ለዚህ ነው። በ18ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ «ደስ የሚል» የሚለው ፍች ሌሎቹን እየገፋ ወጣ። እስከ ዛሬም የሚገዛው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የሆጤ ተማሪ ለቀኑ የመረጠው «አሪፍ» የመጣው «ዓሪፍ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ሲሆን፣ ይህም «የሚያውቅ፣ ዐዋቂ» ማለት ነው። በጀማ ንጉሥና በገታ ዙሪያ ባሉ የወሎ የእስልምና ትምህርት ማእከሎች ዓሪፍ ተራ ሙገሳ አይደለም፤ ወደ አላህ እውቀት የደረሰ ሰው መጠሪያ ነው። እንግዲህ «የማያውቅ» ብላ የተነሣችውን ቃል «የሚያውቅ» ብሎ በተነሣው ቃል ተርጉመን አንዲት ጠብ ሳይነሣ ተግባብተናል ማለት ነው። የቃል ሥር የዛሬውን ፍች እንደማይገዛው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ሥሩ የዛሬውን ፍች አይገዛም ማለት፣ የቀድሞው ፍች በቀድሞው ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም ማለት አይደለም።

ወደ «ጨዋ» ልመለስ።

ብዙ ሰው «ጨዋ» ከ«ጨው» የወጣ ይመስለዋል፤ ጨው እንዳለው ወጥ ለዛ ያለው ሰው ለማለት። ሆጤም ውስጥ ይህን አፈታት ከአንድ ሁለት ሽማግሌ ሰምቻለሁ፤ ያምራል። ሌሎች ደግሞ ከ«ጨዋታ» ጋር ያያይዙታል። «ጨዋታ» ግን ሥሩ ጨ-ወ-ተ ስለሆነ ዝምድናው የድምፅ ብቻ ነው። ጨው የሚረዳን በሌላ መንገድ ነው። ግእዙ «ፄው» ያለውን አማርኛው «ጨው» እንዳለው ሁሉ፣ ግእዙ «ፄዋ» ያለውን አማርኛው «ጨዋ» አለው። «ፄዋ» ደግሞ በግእዝ ምርኮ፣ ምርኮኛ ማለት ነው። ግሡ «ፄወወ» ማረከ ነው፤ የእስራኤል የባቢሎን ስደት በግእዙ መጽሐፍ «ፄዋዌ» የሚባለውም ከዚሁ ሥር ነው።

ምርኮኛ እንዴት ጨዋ ሊሆን ቻለ? መልሱ በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ የጦር አደረጃጀት ውስጥ ይገኛል። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ውስጥ እንደተገለጸው፣ ጨዋ የሚባሉት የንጉሡ ጭፍሮች ነበሩ። ከዐፄ ዐምደ ጽዮን (1314–1344) ዘመን ጀምሮ እየተጠናከሩ ሄደው፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ጊዜ በየጠረፉና በየአውራጃው ሰፍረው ንጉሡን የሚጠብቁ ሠራዊቶች ሆኑ። እያንዳንዱ ጭፍራ የራሱ ስም ነበረው፤ ጃን አሞራ የሚለው የሰሜን አገር ስም ከእነዚሁ የአንዱ ትዝታ ነው። ስያሜያቸውን ከ«ፄዋ» ያገኙት በመነሻው ከምርኮኞች የተውጣጡ ስለነበሩ ነው የሚለው ማብራሪያ በተመራማሪዎች ዘንድ ተቀባይነት አለው። ነገሩ እንግዳ አይደለም። በዚያው ዘመን፣ ከ1250 እስከ 1517፣ ግብፅን ይገዙ የነበሩት ማምሉኮች ስማቸው «በገንዘብ የተያዘ» ማለት ነው፤ የተገዙት ገዥዎች ሆኑ። የእኛዎቹ ዙፋን ላይ ባይወጡም መሬት ላይ ተቀመጡ፤ በሰፈሩበት አገር ጉልት በሉ፤ ከልጅ ልጅም ስማቸው የክብር ስም ሆነ።

ከዚህ በኋላ የቃሉን ጉዞ ለመከታተል እኔ የተጠቀምሁበት መንገድ ቀላል ነው። አንድ ቅጽል በአንድ ዘመን ምን ማለት እንደነበረ ለማወቅ፣ ቅጽሉን ብቻ ሳይሆን ከፊት ለፊቱ የቆመውን ተቃራኒውን መጠየቅ ይጠቅማል። «ጨዋ» ስንል ማንን ማለታችን አይደለም? መልሱ በየዘመኑና በየቦታው ይለያያል፤ አልፎ አልፎም በአንድ ዘመንና በአንድ ቦታ ሁለትና ሦስት መልስ አለ።

አንዱ ተቃራኒ ካህን ነው። አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ ስለ ኦሮሞ በጻፉት አጭር ድርሰት የአገራቸውን ሰው በ10 ይከፍሉታል፤ ዘጠኙ ወገን ጦርነት የማይወጣ፣ ጋሻና ጦር ይዞ ንጉሡን የሚከተለው ግን ዐሥረኛው ብቻ መሆኑንም በምሬት ይገልጻሉ። ከማይወጡት መካከል ቀድመው የተቆጠሩት መነኮሳትና ደብተሮች ናቸው። ጸሐፊው ራሳቸው መነኩሴ መሆናቸውን ልብ ይሏል። በዚህ ዓይነት ማኅበረሰብ፣ በንጉሡም ሰፈር ሆነ በየደብሩ ደጃፍ፣ የሚጸልየውና የሚዋጋው ሁለት ዓለም ነበር። የሚዋጋው ጨዋ ከተባለ፣ ቀስ በቀስ ካህን ያልሆነ ሁሉ ጨዋ መባሉ የሚጠበቅ ነው። ፊደልም በካህናት እጅ ስለነበረ፣ ካህን ያልሆነ ማለት ያልተማረ ማለት ሆነ። ዛሬም የቤተ ክህነት ሰው «እኔ ጨዋ ነኝ» የሚል ቢሰማ ትሕትና እንጂ ትዕቢት አይሰማበትም፤ መጽሐፉን አላውቅም ማለቱ ነውና። ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1248 ገብተው ገዳሙን ያቀኑበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቅ ነው። በዚያ ዙሪያ ያደገ ሰው ይህን የቃሉን ፍች ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ «ጨዋ» እና «ናይስ» ለአንድ አፍታ ይገናኛሉ። ሁለቱም «የማያውቅ» ብለው ያውቃሉ፤ ሁለቱም ዛሬ ምስጋና ናቸው። ነገር ግን መንገዳቸው አንድ አይደለም። «ናይስ» አለማወቅን ጥላ ሄደች፤ «ጨዋ» ግን ሁለቱን ይዞ ቆየ። በእንግሊዝኛ የ«ጨዋ»ን የቤተ ክህነት ፍች በትክክል የሚመስለው ሌላ ቃል ነው፤ ዛሬ ብልግናን የሚገልጸው «ሉድ»። ይህ ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ ካህን ያልሆነ ማለት ነበር። ከዚያ ያልተማረ፣ ከዚያ ተራ፣ ከዚያ ስድ፣ በመጨረሻም በሥጋ ፍትወት የተያዘ ባለጌ ማለት ሆነ። በአንድ ዓይነት በር የወጡ ሁለት ቃላት፣ አንዱ እንግሊዝ አገር ባለጌ ሲሆን ሌላው እኛ ዘንድ የባለጌ ተቃራኒ ሆነ። ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ እኛ ዘንድ ካህን ያልሆነው ሰው መሬትና ጦር የያዘ፣ የሚከበርም የነበረ መሆኑ ይመስለኛል። የቃሉን ክብር ከጦሩ፣ አለመማሩን ከደብሩ አገኘው።

ሌላው ተቃራኒ ባርያ ነው። ከጭፍራው ወራሽ ዘር የተነሣው ክብር እየሰፋ ሄዶ፣ ጨዋ ማለት አጥንተ ነጻ፣ ያልተሸጠና ያልተለወጠ ማለት ሆነ። የግእዙ መጽሐፍ ለዚህ «ግዑዝ» እና «አግዓዚ» የሚሉ የራሱ ቃላት ነበሩት፤ የአማርኛው አፍ ግን «ጨዋ»ን መረጠ። ምርኮኛ ከሚል ሥር የተወለደ ቃል ምርኮኛ ያልሆነውን መጥራቱ፣ ማለትም ቃሉ ፈጽሞ ተገልብጦ መቆሙ፣ እኔን ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ለደሴ ሰው ደግሞ ይህ የቃል ነገር ብቻ አይደለም። ደሴን መናገሻቸው አድርገው ያቀኑት፣ ስሙ ራሱ «የማይንቅ» የሚል ትርጉም ያለውን አይጠየፍ አዳራሽ የሠሩት ንጉሥ ሚካኤል፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተማርከዋል። ንጉሡ በአንድ ቀን ከቃሉ የመጨረሻ ፍች ወደ መጀመሪያው ወረዱ ለማለት ያስደፍራል።

ከባርያ ጋር በአንድ መስመር የሚቆም፣ በወሎም በሌላውም የአማራ አገር እስካሁን ያልለቀቀ ሦስተኛ ተቃራኒ አለ። እርሱም የእጅ ባለሙያው ነው፤ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ። እነዚህ በሕግ ባሮች ሆነው አያውቁም፤ በአፍ ግን «ጨዋ አይደሉም» ተብለዋል። ሆጤ ሳለሁ የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ለትዳር ትጠየቃለች። ጠያቂው ያስተማርነው፣ በሥራው የተመሰገነ ወጣት ነበር። እናትየው ስለ ልጁ እንዲነግራቸው አንድ ወጣት ባልደረባዬን ጠሩት። እርሱም ልጁ ሰው አክባሪ፣ አንደበቱ የታረመ፣ መጠጥ የማይቀምስ መሆኑን ዘርዝሮ «ኧረ እትዬ፣ እንደሱ ያለ ጨዋ የለም» አላቸው። እርሳቸውም ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ጠባዩንማ እኔም አይቸዋለሁ፤ ማር ነው። የጠየቅሁህ ጨዋ ነው ወይ ብዬ ነው እንጅ» አሉት። የልጁ አባት ሸማኔ ነበሩ። ጋብቻው ቀረ።

አንድ ቃል፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ቀትር፤ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄና መልስ። ወጣቱ መምህር ስለ ምግባር ሲናገር እናትየው ስለ አጥንት ይጠይቁ ነበር። በመዝገበ ቃላት ውስጥ «1» እና «2» ተብለው ጎን ለጎን የሚቀመጡት ፍቾች በሰው ሕይወት ውስጥ አንዱ ሌላውን እንዲህ አድርጎ ሊሽረው ይችላል። ከደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ጀምሮ ማንኛውም መዝገበ ቃላት ሊያደርግ የሚችለው ፍቾቹን መደርደር ነው። በየትኛው አፍ፣ በየትኛው ዕድሜ፣ በየትኛው ጉዳይ ላይ የትኛው ፍች እንደሚገዛ መለየት የእኛ የአንባቢዎቹ ሥራ ይሆናል።

ታዲያ «ጠባየ መልካም» የሚለው የዛሬው ፍች ይህን ያህል የበላይ የሆነው መቼ ነው? ፍቹ አዲስ የተፈጠረ ነው አልልም። ከጨዋ ዘር የተወለደ ሰው የጨዋ ደንብ እንዲያውቅ ይጠበቅበት ስለነበር፣ ምግባሩ ከዘሩ ጋር አብሮ ኖሯል። እንግሊዝኛው «ጄንትል» ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ከዘር ጀምሮ በገርነት ጨረሰ። የእኔ አስተያየት ግን ምግባሩ ከዘሩ ተለይቶ ብቻውን ሊቆም የቻለው፣ ሌሎቹ የቃሉ ተቃራኒዎች በ20ኛው ምእተ ዓመት አንድ በአንድ ሕጋዊ መሠረታቸውን ስላጡ ነው የሚል ነው። የባርያ ነጻነት አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ከዚያ በኋላ «ጨዋ» ባርያ ያልሆነ ማለቱ ማንንም አይለይም፤ በሕግ ፊት ሁሉም ጨዋ ሆኗልና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት መሆኑ ሲታወጅ የጨዋነት የመሬት ሥር ተቆረጠ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ፣ ፊደል የቆጠረ ካህን፣ ያልቆጠረ ጨዋ የሚለው አከፋፈል ቀድሞውንም በዘመናዊ ትምህርት ቤት ተሸርሽሮ ነበርና ብዙ አልቆየም። ከተቃራኒዎቹ ሁሉ በሕግ ሊሻር የማይችለው ባለጌ ብቻ ቀረ። ዛሬ ጨዋ ማለት ባለጌ ያልሆነ ነው።

በሆጤ ሜዳ ኳስ ለመጫወት የሚገቡ ልጆች ስለ «ስፖርታዊ ጨዋነት» ይመከራሉ። ሐረጉን የሰማ ሁሉ ዳኛ አለመሳደብ፣ የወደቀን ማንሣት መሆኑን ያውቃል፤ የዘርዐ ያዕቆብን ጭፍሮች የሚያስብ የለም፤ ማሰብም የለበትም። የሆጤዋ እናት ጥያቄ ግን ሕግ የሻረውን ተቃራኒ አፍ ገና እንዳልሻረው ይመሰክራል።

ይህ ሁሉ ለሥነ ጽሑፍ ንባብ ምን ይፈይዳል የሚል ሊኖር ይችላል። አንድ ምሳሌ ብቻ ልውሰድ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»። ይህን ልብ ወለድ በሦስቱ የ«ጨዋ» ፍቾች ብናነበው ገጸ ባሕርያቱ አዲስ አሰላለፍ ይይዛሉ። በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የተሰጠ፣ ቅኔ የተማረ ነውና በቤተ ክህነቱ አነጋገር ጨዋ አይደለም። ከድሃ ቤት የተወለደ ነውና በአጥንት ቆጣሪዎቹም ዘንድ ጨዋ አይደለም። በዛሬው ፍች ግን ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ ጨዋው እርሱ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በተቃራኒው በሁለቱ የቆዩ ፍቾች ጨዋ ናቸው፤ ካህን አይደሉም፣ ዘራቸውንም ቆጥረው አይጠግቡም። በሦስተኛው ፍች ግን ጨዋ ናቸው የሚል አንባቢ አላገኘሁም። ሰብለ ወንጌል ፊደል የምትማረው ከዚያ ጨዋ ካልሆነው መምህር ነው። ጉዱ ካሳ ደግሞ ዘርም ትምህርትም ኖሮት የጨዋውን ደንብ አልቀበልም በማለቱ «ጉዱ» የተባለ ሰው ነው። የልብ ወለዱን አሳዛኝ ፍጻሜ የሚያመጣው ክፉ ሰው መኖሩ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ወገን ምግባርን፣ ሌላው ወገን አጥንትን በአንድ ቃል መጥራታቸውም ጭምር ነው። ይህ የሆጤ ግቢ ነገር መሆኑን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም።

በዲፓርትመንታችን የትርጉም ሥራ ለሚለማመዱ ተማሪዎች ደግሞ ነገሩ በሌላ በኩል ይመጣል። ጄን ኦስተን ከሞተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1817 መጨረሻ በታተመው «ኖርዝአንገር አቢ» ውስጥ፣ ካትሪን የምትባለው ልጅ የምታነበውን ልብ ወለድ በ«ናይስ» ስታሞግስ፣ ሄንሪ ቲልኒ ቃሏ ለሁሉ ነገር የምትውል ሆናለች ብሎ ይቀልድባታል። ቀድሞ ረቂቅነትን ትገልጽ የነበረችው ቃል አሁን መጽሐፉንም፣ ሽርሽሩንም፣ ልጃገረዶቹንም አንድ ላይ ታወድሳለች ነው የሚላት። ይህን ቦታ ወደ አማርኛ ለመመለስ «ጨዋ» አይሆንም፤ መጽሐፍ ጨዋ አይባልምና። «ጥሩ» ቢባል ስንፍናው ይመጣል እንጂ ቀልዱ አይመጣም፤ «ጥሩ» ቀድሞ የረቀቀ ፍች ኖሮት ያጣ ቃል አይደለም። እኔ «አሪፍ» የሚለውን እመርጣለሁ። ዐዋቂ ከማለት ተነሥቶ ዛሬ ለቀኑም ለቀሚሱም የሚውል ነውና ልክ እንደ «ናይስ» ደክሟል። ተማሪዎቼ በ19ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ የነበረች እንግሊዛዊት አሪፍ ልትል አትችልም ብለው ይከራከሩኛል። የእኔ መልስ፣ ቃሉን ካትሪን ትበለው፣ የሚወቅሰው ሄንሪ ነው የሚል ነው። ሄንሪ ቲልኒ ደግሞ በልብ ወለዱ ውስጥ ቄስ ነው፤ ጨዋ አይደለም።